የማክሰኞ ልቅሶ

ባለፈው ሰሞን ልጄ ጎትታ ጎትታ አማካሪ ዘንድ ወሰደችኝ። እኔ የማውቀው አማካሪ የንጉሥ ነበር፤ ይኼኛው የሐኪም ቤት ነው። ነጭ ጋዋን የደረበ፣ ከልጅ ልጆቼ ብዙም የማይበልጥ ትሑት ልጅ ነው። «እማማ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?» አለኝ። እንቅልፍማ ከኔ ጋር ከተጣላ ቆየ፣ ሽማግሌ ብልክበትም አልታረቅ ብሏል አልኩት። እሱ ሳቀ። ልጄ ግን አልሳቀችም፤ «አባዬ ከሞተ ጀምሮ ነው» ብላ በኔ ፋንታ መለሰች። ልጁ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ጧት ጧት በእግር መሄድ፣ በሰዓቱ መብላት፣ ትንፋሽ ስቦ ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ ሆድ ውስጥ ያለውን ለሚያምኑት ሰው መናገር፣ የሚነገረው ሰው ከሌለ ደግሞ መጻፍ ይላል። በመጨረሻ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «እማማ፣ ያላለቀሱት ልቅሶ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ባሌን በወጉ አልቅሼ ነው የቀበርኩት» አልኩትና ተነሳሁ። እውነቴን ነው፣ ለባሌ የቀረብኝ እንባ የለም። የቀረውን ለመንገር ግን ደከመኝ። በዚህ እድሜ እውነት መናገርም ጉልበት ይጠይቃል።

ስንወጣ ከግቢው አጥር ሥር ዳማከሴ በቅሎ ኖሮ ነጠላዬ ነካካው። ዳማከሴ እንግዲህ የምች መድኃኒት ነው፤ ቅጠሉን በመዳፍ አሽተው ሽታውን ይስቡታል፣ ጭማቂውን ግንባር ይቀቡታል። ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ ቆመ። «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለች ልጄ። «ምንም» አልኳት። ምንም ያልኳት የእስቴው ከተማ መካነ ኢየሱስ ነው፣ የዱሮው ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ናት።

ያኔ የእስቴ ቅዳሜ እንዲህ እንደዛሬው በላስቲክ ድንኳን የተሞላ አልነበረም፤ ሁሉም መሬት ላይ ነው። እኔ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ጨውና በርበሬ ይዤ እቀመጣለሁ። አንድ ጣሳ ጨው በሃምሳ ሳንቲም፣ ቀልድ ለሚያውቅ ገበያተኛ በአርባ አምስት። ፊት ለፊቴ የጨርቁ ተራ ነው፤ አቡጀዲው፣ ካኪው፣ ያ ሲያብረቀርቅ ዓይን የሚወጋው ቴትሮን። የድሃ ጫማ ኮንጎ ነው፤ ደህና ያለው ሸራ ጫማ ይጫማል። ስኳር በኩፖን፣ ሳሙናም በኩፖን። ጥግ ላይ ያለው ሻይ ቤት ራዲዮኑን ከፍ አድርጎ የወታደር ማርሹን ሲያሰማን ይውላል፤ ሻዩን ግን ያለ ስኳር ነው የሚሸጥልን። «ማርሹን እያጣጣማችሁ ጠጡ» ይለን ነበር ባለቤቱ፣ ግራ ቀኙን አይቶ። ከጎኔ ማንጠግቦሽ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ትዘረጋለች። ከስማዳ ወሰን ነው የምትመጣው፣ ዓርብ ተነስታ መንገድ ላይ ዘመድ ቤት አድራ። በእድሜ ጥቂት ትበልጠኛለች። ባሏ ሞቶባት አንድ ልጅ ብቻ ነበራት፣ ምስጋናው የሚባል፤ እሱንም ከወንድሜ ከአያሌው ጋር በአንድ ሰሞን ለውትድርና ወሰዱባት። ወዳጅ ያደረገን ይኼው ነው። እሷ ለልጇ፣ እኔ ለወንድሜ፣ አብረን ወሬ እንጠብቃለን። ከሰሜን የተመለሰ ወታደር ባየች ቁጥር ሽንኩርቷን ለእኔ ትታ ትሮጣለች፤ ስትመለስ «አላየሁትም አለኝ» ትልና ሽንኩርቷን እንደገና ትደረድራለች።

አያሌው እናታችን ስትሞት እጄ ላይ የቀረ ልጅ ነው፣ እታለም እያለኝ ያደገ። ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል እግሩን የቆሰለ የአገራችን ሰው ተመለሰና «ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ለሽማግሌዎች ነገራቸው። መርዶ ደንብ አለው። በገበያ አይነገርም፣ በመንገድ አይነገርም፣ ለብቻዋ ለተቀመጠች ሴት አይነገርም፤ ጎህ ሲቀድ ነፍስ አባትና ሽማግሌ ይዞ ደጃፍ ድረስ ተሂዶ ነው። ውሻው በዚያ ሰዓት ሲጮህ ገና ከመኝታዬ ሳልነሳ አወቅሁት። ሬሳ ስለሌለ ልብሱን ዘርግተን አለቀስን፤ ጋቢውን፣ ቁምጣውን፣ ያችን የሚወዳትን ቀበቶ። እመት ዘርፌ የሚባሉ የአገሩ ሁሉ ሙሾ አውራጅ ነበሩ፤ መጥተው ጉሮሯቸው እስኪዘጋ አለቀሱለት። በአርባው ተዝካሩን አወጣን፣ ልብሱን ለነፍስ አባቱ ሰጠን፣ እሳቸውም ለችግረኛ ሰጡት። ማንጠግቦሽ ያን ሁሉ መንገድ ቆርጣ መጥታ ሦስት ቀን አብራኝ ተቀመጠች። የነጨሁትን ፊቴን በለጋ ቅቤ እያሸችልኝ «አይዞሽ የሺ፤ አንቺስ ቁርጥሽን አወቅሽ» ትለኝ ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም፤ የሞተብኝ እኔ ሆኜ እንዴት ትቀናብኛለች አልኩ።

አሥራ አራት ወር ቆይቶ አያሌው መጣ። ደጅ ላይ በርበሬ አስጥቼ ነበር። አንድ ክስት ያለ ሰው አጥሩን ይዞ «እታለም» ሲል በርበሬው ላይ ተቀመጥኩበት። ሲወድቅ የታየው እውነት ነው፣ ቆስሎ ኖሯል፤ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ሲዞር ከርሞ አሰናበቱት። እልል ተባለ፣ አገሩ ሁሉ መጥቶ እየዳሰሰ አየው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ እዚያ የገዛ ጋቢውን አንድ የኔ ቢጤ ለብሶት አየ። ተመልሶ ከቤቱ ጀርባ ካለው የድንጋይ ካብ ሥር ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም። እህል ሲሰጡት ይቀምሳል፣ ሲጠሩት ቀና ይላል፣ በቃ። ቤት ውስጥም አልተኛ አለ።

ያላደረግንለት የለም። ሁለት ሱባኤ ጠበል አስገባሁት። ጋይንት ቤተ ልሔም ሲማሩ የኖሩ አንድ መሪጌታ መጥተው ዳዊት ደገሙለት። ክሊኒኩ ነጭ ኪኒን ሰጠው። ጎረቤት ደግሞ ሚስት አምጡለት አለ፤ በኛ አገር መድኃኒት ሲያልቅ የሚታዘዘው ሚስት ነው። አንዱንም አላማም። ጠበሉ ሰውነቱን አበረደለት፣ ዳዊቱ ሲደገም ትከሻው ዝቅ ይላል፣ ኪኒኑም ያስተኛዋል፤ ቃሉን ግን የመለሰለት የለም። ሰው ሹክ ይል ጀመር፦ ተለቅሶለት ተዝካሩ የተበላ ሰው ወዴት ይመለሳል፣ ነፍሱ መንገድ ላይ ናት። እኔም አመንኩ። አልቅሼ የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ፊቱን ማየት ፈራሁ። ወንድሜን ከሞት አግኝቼ እንደገና እያጣሁት ነበር።

ሰባት ወር እንዲህ ሆኖ ከከረመ በኋላ አንድ ማክሰኞ እመት ዘርፌ በትራቸውን ይዘው መጡ። እኔን ሰላም እንኳ ሳይሉ በጓሮ ዞረው ካቡ ሥር አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«አንተ አያሌው! ላንተ ብዬ ጉሮሮዬ ተሰንጥቆ ሁለት ሳምንት ማር ስልስ የከረምኩ ሴት ነኝ። አሁን አገር ሁሉ ‹ዘርፌ ለቁም ሰው አለቀሰች› እያለ ይስቅብኛል። በል፣ ያን ሁሉ ሙሾ ምን ላድርገው? ሰው ስጠኝና ለሱ ላድርገው።»

አያሌው ቀና ብሎ አያቸው። «ለጌታሁን» አለ።

«የማን ልጅ ነው?»

«የአባቱን ስም አላውቅም። ወለጋ ነው አገሩ። ሲስቅ ድዱ ይታያል።»

«ይበቃል» አሉ እመት ዘርፌ። ነጠላቸውን አደገደጉና በቀስታ፣ ድምፃቸውን ከካቡ ሳያሻግሩ፣ ሲስቅ ድዱ ለሚታየው ለማያውቁት የወለጋ ልጅ ሙሾ አወረዱለት። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት ወደው አይደለም፤ መንግሥት ሞተ ላላለው ወታደር ዘመድ ያልሆነ ሰው ቢያለቅስ ያን ጊዜ ያስጠይቃል። አያሌው አለቀሰ። እንደዚያ ሲያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እንደ ልጅ ንፍጡን በእጁ እየጠረገ። ሲበቃው ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ አስታጠቡት፤ በሶ በጥብጬ እንዳመጣ አዘዙኝና እያንዳንዷን ጉንጭ እያዩ አጠጡት። አልቅሶ እህል ሳይቀምሱ መነሳት የለም አሉ። «እንግዲህ የሚመጣው ማክሰኞ» ብለው ሲነሱ እጃቸውን ያዘና «ሌሎችም አሉ፣ ነገ ኑ» አላቸው። «የለም ልጄ፣ ሁለት ሬሳ በአንድ ቃሬዛ አይወጣም። አንድ ማክሰኞ ለአንድ ሰው ነው» አሉት። በመካከሉ ያሉትንም ቀናት ሥራ ሰጡባቸው፦ ጧት እስከ ወንዙ በእግሩ ወርዶ ይመለስ፣ ደቦ ካለ ከሰው ጋር ይዋል፣ ማዕድ ብቻውን አይቅረብለት፣ ካቡ ሥር ከማክሰኞ በቀር አይቀመጥ። ያ የሐኪም ቤት ልጅ የሰጠኝን ወረቀት ሳነበው የሳቅሁት ለዚህ ነው። እመት ዘርፌ ፊደል ሳይቆጥሩ ጽፈውት ነበር።

አራት ማክሰኞ አራት ሰው ተለቀሰ። አያሌው ቤት ገብቶ መተኛት ጀመረ። እርፍ ጨበጠ። አንድ ቀን እንዲያውም ወጤን «ጨው ነጋዴ ቤት ጨው አይገኝም?» ብሎ ተቸብኝና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አምስተኛው ማክሰኞ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። እመት ዘርፌ እንደ ልማዳቸው «ዛሬስ ማንን ሰጠኸኝ?» አሉት።

«ምስጋናውን» አለ። «የስማዳ ልጅ ነው። እናቱ ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች። ጭኔ ላይ ነው የሞተው፤ ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ።»

የያዝኩት የበሶ ቅል ከእጄ ወደቀ። የዚያን ቀን ሙሾ አልሰማሁትም። አያሌው ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን እንደገና አፉ ተዘጋ፣ እንደገና ደጅ አደረ። እመት ዘርፌ ለብቻዬ ጠርተው «የዚህ ልጅ እናት ከጎንሽ የምትቀመጠው አይደለችም? ሽማግሌ ይላክ» አሉኝ።

«በማርያም ይዤዎታለሁ፣ አይሆንም! ሽማግሌ ሲመጣ የት ወደቀ፣ ማን ቀበረው፣ ምን አለ እያሉ ያፋጥጡታል። ሦስት ቀን ሲዘጋው አላዩም? ይኼን ልጅ ሁለት ጊዜ አልቀብርም። ደግሞስ፣ አንዴ ለቁም ሰው አልቅሰን የለ?»

«ይኸኛውን ዓይኑን ከድኖታል፣ የሺ።»

«ትንሽ ይጠንክርልኝ ብቻ። እኔ እነግራታለሁ።»

በትራቸውን አነሱ። «እኔ አልቃሽ ነኝ እንጂ መርዶ ነጋሪ አይደለሁም» አሉ። «በአንቺ ይሁን።»

በኔ ሆነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ በሚቀጥለውም። «ወንድምሽ አፉን ፈታ ይላሉ፤ የኔን ልጅ አላየም?» አለችኝ። «ገና ነው፣ ደህና አድርጎ አይናገርም» አልኳት። የመጀመሪያው ውሸት እንዲህ ነው፣ ግማሹ እውነት ስለሆነ ጉሮሮ አይቧጥጥም። የማንጠግቦሽ ተስፋ ደግሞ እየወፈረ ሄደ። «የአንቺው ከተዝካሩ ተነስቶ መጥቶ የለ? የኔማ መርዶውም አልመጣ!» እያለች ትስቃለች። ለፋሲካ ከጨርቁ ተራ ሸራ ጫማ ገዛችለት፤ ስድስት ብር ብለዋት በአምስት ከሃምሳ። ቁጥሩ ቢጨንቃት «የአያሌው እግር ስንት ነው? እኩያው አይደል?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። አርባ ነው አልኳት። እኔ ቁጥር ሰጠሁ፣ እሷ ገዛች፣ ከጫናዋ ሥር ሸሽጋ ይዛው ሄደች። እኔን ደግሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር፤ ከግንባሬ ይነሳና ማጅራቴን ይይዘኛል። «ምች ነው» አለችና ከጓሮዋ ዳማከሴ ቆርጣ ታመጣልኝ ጀመር። በየቅዳሜው ከሽንኩርቱ ጋር አንድ እስር ዳማከሴ። በመዳፏ አሽታ ግንባሬን ራሷ ነበረች የምትቀባኝ። «ከነገርሽ ነው እንዲህ የሚያምሽ፤ ስለ ወንድምሽ ብዙ አትጨነቂ» ትለኛለች። ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። ነገ ዐቢይ ጾም ሆነ፣ ጾሙ ተፈታ፣ የዘር ወቅት ደረሰ፣ ዝናብ ገባ። ዛሬም በልቤ የምከራከርበት ነገር ይኼ ነው፦ ወንድሜ እየዳነ ነበር። በየሳምንቱ ደረቱ ሲሰፋ፣ ሲስቅ፣ ሲያፏጭ እያየሁ ነበር። ያን በእጄ ልሰብረው አልቻልኩም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ሲበረታ አያሌው ጨዉን ሊሸከምልኝ ገበያ መጣ። ማንጠግቦሽ ስታየው ብድግ አለች። ጉንጩን ሳመችው። «አንተ እንኳ መጣህልኝ! ምስጋናውን አላየኸውም፣ ልጄ? ምስጋናው ደሴ፣ ቁመቱ እንዳንተ ነው።» አያሌው እኔን አየኝ። ገበያ ነው፣ ደንቡን ያውቃል። «እትዬ፣ ሰፈርሽ ወዴት ነው?» ብቻ አላት። ነገረችው። ጨዉን ተሸክሞ ከፊት ከፊቴ ሄደ፤ ቤት ስንደርስ አወረደው።

«ታውቂ ነበር፣ እታለም።»

«ላንተ ብዬ ነው።»

«ቁርጥን ማወቅ እኮ ርስት ነው» አለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «የሰው ርስት ይዘሽ ነው የከረምሽው።»

ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ መስከረም ይጥባ ብለው ሽማግሌዎቹ ለመኑት። አልሰማቸውም። በማግስቱ ሁለቱን አስከትሎ ሄደ፣ እዚያም ነፍስ አባቷን ይዞ ጎህ ሲቀድ ደጃፏ ቆመ። እኛ ማታውን ተከትለን ደረስን። እመት ዘርፌም በበቅሎ መጡ፤ ነገር ግን ሙሾውን ለሌላ ሰው አልተወችም፣ ማንጠግቦሽ ራሷ አወረደችው።

አፈር ሳላለብሰው፣ እጁን ሳልገንዘው፣
የማን አገር ውርጭ ልጄን አቀዘቀዘው።

አያሌው ከልብሱ አጠገብ ቆሞ እንዴት እንደሞተ ለሕዝቡ ነገረ፤ ውኃ ማጠጣቱን፣ ዓይኑን መክደኑን፣ በእጁ መቅበሩን። ድምፁ አልተዘጋም። ያ ሁሉ ፍርሃቴ፣ ያ ሁሉ ቅዳሜ በከንቱ ነበር። ሲጨርስ እጁን ይዛ ዓይኑን በከደነበት መዳፍ ፊቷን ሸፈነች። እኔ የተዘረጋውን ልብስ አየሁ። ከቁምጣውና ከጋቢው ጎን ያ ሸራ ጫማ አለ፣ ነጭ፣ ማሠሪያው እንኳ ያልገባ፣ ቁጥሩ አርባ። ከሰው ሁሉ አብልጬ አለቀስኩ፤ ደረቴን ስመታ ሴቶቹ እጄን ያዙኝ።

በሦስተኛው ቀን ልንሰናበት ስንል ወደ ዳሱ ጥግ ወሰደችኝ። ዓይኗ አብጦ ተጨፍኖ ነበር። «የሺ» አለችኝ በቀስታ፣ «ስንት ቅዳሜ ነው?»

«ምኑ፣ እትዬ?»

«ራስሽን ያመመሽ።»

«እኔንጃ» አልኳት። «አልቆጠርኩትም።»

ራሷን ነቀነቀች፤ እንደ ሰው ሁሉ ሳመችኝ። ከመስከረም ጀምሮ ሽንኩርቷን ከጨርቁ ተራ ማዶ ዘረጋች። ከሩቅ እጅ እንነሳሳለን። ዳማከሴ ያመጣልኝ ሰው የለም። አያሌው ግን ዳነ፤ አገባ፣ ወለደ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ካቡ ሥር የመቀመጥ ልማዱን እስከ መጨረሻው አልተወም። በአልጋው ላይ፣ እንደ ሰው፣ ልጆቹ ከብበውት ነው የሞተው። ማንጠግቦሽ ማረፏን የሰማሁት ከገበያተኛ አፍ ነው። ለልቅሶዋ አልሄድኩም። መንገዱ ጭቃ ነው አልኩ፤ ጥቅምት ነበር።

ለሚያምኑት ሰው ንገሩ ይላል ወረቀቱ፤ የሚነገረው ሰው ከሌለ ጻፉ። በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል ይኸው ጽፌያለሁ፣ ልጄ ስትነቃ እንዳታየኝ እየሰጋሁ። ለዚያ ለሐኪም ቤቱ ልጅ አላሳየውም። ስንት ቅዳሜ ነው ብሎ የጠየቀኝ እሱ አይደለም፣ እሷ ናት፤ መልሱን ያን ቀንም ዳሱ ጥግ ቆሜ አውቀው ነበር። ሃያ ስድስት ቅዳሜ ነው፣ እትዬ ማንጠግቦሽ።